ከፍታ ላይ ትንፋሽ ሲያጥር፦ ሰውነታችን እስከ ምን ድረስ ይለምዳል?

ጥያቄው ባጭሩ ይህ ነው። «ተወልጄ ያደግሁት ቆላ ነው። ከአንድ ወር በፊት ለሥራ 3,600 ሜትር ከፍታ ላይ ወዳለ ቦታ ተዛወርኩ። የመጀመሪያዎቹን ቀናት ራሴን እያመመኝ፣ ሌሊት እየባነንኩ አሳለፍኩ። አሁን ደህና ነኝ፤ ዳገት ላይ ግን ትንፋሼ ቁርጥ ቁርጥ ይላል። እዚያው የተወለዱት ሸክም ተሸክመው፣ ወሬያቸውን ሳያቋርጡ ያልፉኛል። እንስሳቱም እንደ ልባቸው ይሮጣሉ። ብቆይ እንደ እነሱ እሆናለሁ? እዚህ ልጅ ብወልድስ ይወርሰኛል?»

መልሱን ላስቀድም። አዎ፣ ሰውነትዎ ይለምዳል፤ እንዲያውም ብዙውን ሥራ ጨርሷል። እንደ እነሱ ግን አይሆኑም። ልጅዎም የእርስዎን መልመድ በዘር አይወርስም። ሆኖም እዚያ ማደጉ ብቻውን የሚሰጠው ነገር አለ፤ መጨረሻ ላይ እመለስበታለሁ።

ይህን ጥያቄ የምወደው ሌላ ነገር ስለሚከፍት ነው። ብዙ ሰው የከፍታ ነዋሪዎች እኛ የምናደርገውን ነገር አብዝተው የሚያደርጉ ይመስለዋል። ብዙ ደም፣ ፈጣን ትንፋሽ፣ ጠንካራ ልብ። ነገሩ ብዙ ጊዜ ተቃራኒው ነው። ለሺህ ዓመታት እዚያ ከኖሩት መካከል አንዳንዶቹ የሚመቻቸው፣ የእርስዎ ሰውነት አሁን እየተጣደፈ የሚያደርገውን ነገር የእነሱ ሰውነት ስለተወው ነው።

ከአየሩ እንጀምር። «እዚያ ላይ ኦክስጅን የለም» ሲባል እሰማለሁ። አለ። ባሕር ዳርቻም ይሁን ኤቨረስት ጫፍ፣ ከአየሩ 21 በመቶ ገደማው ኦክስጅን ነው። የሚቀንሰው ግፊቱ ነው። ወደ ላይ በወጣን ቁጥር አየሩ ይሳሳል፤ በአንድ ትንፋሽ የምንስበው ኦክስጅንም አብሮ ያንሳል። እርስዎ ባሉበት 3,600 ሜትር ላይ ግፊቱ ከባሕር ጠለሉ ሁለት ሦስተኛ ያህል ነው። 5,500 ሜትር ላይ ግማሽ ይሆናል። 8,848 ሜትር በሆነው የኤቨረስት ጫፍ ላይ አንድ ሦስተኛው ብቻ ይቀራል። ኦክስጅን ከሳንባ ወደ ደም የሚሻገረው በግፊት ልዩነት ነው። ግፊቱ ሲወርድ ደሙም ይጎድልበታል።

ጉድለቱን መጀመሪያ የሚያውቁት አንገትዎ ውስጥ ግራና ቀኝ ያሉ ሁለት በጣም ትንንሽ አካላት ናቸው። ወደ አንጎል የሚወጣው ትልቁ ደም ስር ለሁለት የሚከፈልበት ቦታ ላይ ተቀምጠው የሚያልፈውን ደም ይመረምራሉ። ኦክስጅን ሲያንስ በሰከንዶች ውስጥ ለአንጎል ያሳውቃሉ። ትንፋሽ ይፈጥናል፣ ልብ ይመታል። ይህ እርስዎ ሳያስቡት የተደረገ የመጀመሪያው እርምጃ ነው።

ሌሊት መባነንዎም የመጣው ከዚሁ ነው። ቶሎ ቶሎ ሲተነፍሱ ኦክስጅን ይገባል፤ ካርቦን ዳይኦክሳይድ ደግሞ ከመጠን በላይ ይወጣል። ነቅተን ሳለ ይሄ ብዙም አይታወቀንም። እንቅልፍ ከወሰደን በኋላ ግን «ተንፍስ» ብሎ የሚያዘን በዋናነት ካርቦን ዳይኦክሳይድ ነው። እሱ ሲያንስ ትዕዛዙ ይቋረጣል። አጠገብዎ የተኛ ሰው ቢኖር በደንብ ይሰማዋል። ትንፋሽዎ እየጠለቀ ይሄዳል፤ ከዚያ እያነሰ፣ እያነሰ ይመጣና ጸጥ ይላል። አምስት ሰከንድ፣ አስር ሰከንድ፣ አንዳንዴ ከዚያም በላይ። በዚህ መሃል ኦክስጅኑ ይወርዳል፤ አንገት ውስጥ ያሉት ጠባቂዎች ይነሳሉ፤ እርስዎም አየር በረጅሙ እየሳቡ ብንን ይላሉ። ትንሽ ቆይቶ እንደገና ይጀምራል። ለሚያየው ሰው በጣም ያስፈራል። አዲስ ገቢ ላይ ግን የተለመደ ነው፤ በአብዛኛው ሰው ላይም ከቀናት በኋላ እየቀነሰ ይሄዳል።

የሚያስተካክለው ኩላሊት ነው። ካርቦን ዳይኦክሳይድ ሲያንስ ደም ወደ አልካላይን፣ ማለትም ወደ አሲድ ተቃራኒ፣ ያጋድላል። ያ ደግሞ «በቃ፣ ትንፋሹን ቀንስ» የሚል መልእክት ለአንጎል ይሰጣል። አንዱ ፍጠን ሲል ሌላው ቀስ በል ይላል። ኩላሊት ደምን አልካላይን የሚያደርገውን ባይካርቦኔት የሚባል ንጥረ ነገር በሽንት እያስወጣ ይህን ክርክር በጥቂት ቀናት ውስጥ ይፈታል። የመጀመሪያዎቹን ቀናት ሽንት አላስቀምጥ ብሎዎት ከነበረ አንዱ ምክንያት ይሄው ነው። ተራራ ወጪዎች በሐኪም ትዕዛዝ የሚወስዱት አሴታዞላማይድ የሚባለው መድኃኒትም የሚሠራው ያንኑ ነው፤ ኩላሊቱን ያፈጥነዋል።

ቀጥሎ ደም ይመጣል። እንደደረሱ በአንድ ሁለት ቀን ውስጥ ደምዎ ይወፍራል፤ አዲስ ደም ተሠርቶ ግን አይደለም። የደሙ ፈሳሽ ክፍል ስለሚቀንስ ነው። ያው ቀይ የደም ሴል በትንሽ ፈሳሽ ውስጥ ይቀራል። እውነተኛው ምርት የሚመጣው ቀስ ብሎ ነው። ኩላሊት ኦክስጅን ማነሱን ሲረዳ ኢሪትሮፖይቲን የሚባል ሆርሞን ይለቃል። ሆርሞኑ የአጥንት መቅኔን ቀይ የደም ሴል አምርት ይለዋል። ሆርሞኑ በሰዓታት ውስጥ ይጨምራል፤ የምርቱ ፍሬ ግን ሙሉ በሙሉ እስኪታይ ሳምንታት፣ እንዲያውም ወራት ይወስዳል። እግረ መንገዴን፣ መቅኔው ለዚህ ሥራ ብረት ይፈልጋል። የብረት እጥረት ያለበት ሰው ከፍታን ለመልመድ ይቸገራል። የደም ማነስ ታሪክ ካለዎት አሁኑኑ ይመርመሩ።

ይህን ሁሉ ሴሎቻችን ውስጥ ሆኖ የሚመራው አንድ የፕሮቲን ቤተሰብ አለ፤ ሂፍ ይባላል። ኦክስጅን ሲበቃ ሴሉ ሂፍን እየሰባበረ ይጥለዋል። ኦክስጅን ሲያንስ መሰባበሩ ይቆማል፤ ሂፍ ይጠራቀምና ብዙ ጂኖችን ያነቃል። ከነሱ አንዱ የኢሪትሮፖይቲን ጂን ነው። ይህን አሠራር የገለጡት ዊልያም ኬሊን፣ ፒተር ራትክሊፍና ግሬግ ሴመንዛ በ2019 (እዚህ ያሉት ዓመቶች ሁሉ እ.ኤ.አ. ናቸው) የሕክምና ኖቤል ሽልማት ተቀብለዋል። ሂፍን እንደ ማንቂያ ደወል ይቁጠሩት። የእርስዎ ደወል አሁን እየጮኸ ነው። ጥያቄው ደወሉ ለዓመታት ሳያቋርጥ ቢጮህ ምን ይሆናል የሚለው ነው።

መልሱን ደቡብ አሜሪካ ውስጥ ማየት ይቻላል። የአንዲስ ተራራ ነዋሪዎች ከፍታን የተቋቋሙት በአብዛኛው ደም በማብዛት ነው። ደረታቸውም ሰፊ ነው። ብዙዎቹ በዚህ ደህና ይኖራሉ። አንዳንዶቹ ላይ ግን የደሙ ምርት ማቆሚያ ያጣል። ደም ከመጠን በላይ ሲወፍር ዝውውሩ ይከብዳል። ከንፈር ይጠቁራል፣ ራስ ያማል፣ እንቅልፍ ይጠፋል፣ ልብ ይደክማል፤ ደም የመርጋት አደጋም ይመጣል። በሽታውን በ1925 የገለጸው ፔሩዊው ሐኪም ካርሎስ ሞንሄ ሲሆን እስከ ዛሬ በስሙ ይጠራል። ልብ ይበሉ፤ ይህ የመጤ በሽታ ብቻ አይደለም። እዚያው ተወልደው፣ ለዓመታት ደህና ሲኖሩ የቆዩ ሰዎችንም ይይዛል።

አሁን ወደ ቲቤት እንሻገር። በ4,000 ሜትር ገደማ ላይ በሚኖሩ ወንዶች መካከል በተደረገ ንጽጽር፣ የአንዲሶቹ ሄሞግሎቢን (ቀይ የደም ሴል ውስጥ ሆኖ ኦክስጅን የሚሸከመው ፕሮቲን) በአማካይ 19.2 ግራም በዴሲሊትር ሲሆን የቲቤቶቹ 15.6 ነበር። 15.6 ባሕር ዳርቻ ላይ የሚኖር ጤነኛ ወንድ የሚኖረው መጠን ነው! ያው ከፍታ፣ ያው ቀጭን አየር፤ የቲቤቶቹ መቅኔ ግን አልተደናገጠም። በ2010 የወጡ ጥናቶች ምክንያቱን ዘረመላቸው ውስጥ አገኙት። ኢፓስ1 የሚባለው ጂን የሂፍ ቤተሰብ አንዱን አባል የሚሠራ ነው። ቲቤቶቹ የያዙት የዚህ ጂን ለየት ያለ ቅጂ ደወሉን ዝቅ ያደርገዋል። ደም ከማብዛት ይልቅ ትንፋሻቸው ፈጣን ነው፣ ደም ስሮቻቸውም በደንብ ይከፈታሉ።

ቅጂው ከየት መጣ? ይህ የእኔ የሙያ መስክ ውስጥ ካሉ ታሪኮች ሁሉ ደስ የሚለኝ ነው። በ2014 እንደታወቀው፣ የመጣው ዴኒሶቫን ከሚባሉ፣ ዛሬ ከጠፉ የሰው ዘሮች ነው። የዛሬዎቹ ሰዎች ቅድመ አያቶች ከነሱ ጋር ተዋልደው ቅጂውን አገኙ፤ ከፍታ ላይ ሲወጡም ጠቀማቸው። ከዚያ በ2019 ሌላ ዜና መጣ። ቲቤት አምባ ላይ፣ 3,280 ሜትር ከፍታ ካለው ዋሻ የተገኘ መንጋጋ የዴኒሶቫን መሆኑ ታወቀ፤ ዕድሜው ቢያንስ 160,000 ዓመት ነው። ዴኒሶቫኖቹ ከኛ ዘር እጅግ ቀድመው ከፍታ ላይ ይኖሩ ነበር ማለት ነው።

ሦስተኛው ታሪክ የኢትዮጵያ ተራሮች ነው፤ እሱም ከሁለቱ ይለያል። አንትሮፖሎጂስቷ ሲንቲያ ቤልና ባልደረቦቿ በሰሜን ተራሮች 3,530 ሜትር ላይ የሚኖሩ የአማራ ገበሬዎችን አጥንተው በ2002 ውጤቱን አወጡ። የወንዶቹ ሄሞግሎቢን በአማካይ 15.9፣ የሴቶቹ 15.0 ነበር፤ ያልተጋነነ። ይበልጥ የሚያስገርመው በደማቸው ያለው የኦክስጅን ሙሌት፣ ማለትም ኦክስጅን የጫነው የሄሞግሎቢን ድርሻ፣ 95.3 በመቶ መሆኑ ነው። ቲቤቶቹ ደማቸው ባይበዛም ሙሌታቸው ዝቅ ያለ ነው። እርስዎም በአንድ ወር ውስጥ ጣትዎ ላይ የሚደረገውን መለኪያ ቢሞክሩ 90 አካባቢ ወይም ከዚያ ዝቅ ያለ ቁጥር ቢያዩ አይደንቅም። እነዚህ ገበሬዎች ግን በሁለቱም መለኪያ ከፍታ ላይ ያሉ አይመስሉም። ከዴኒሶቫን የመጣውን ቅጂም አልያዙም። በሌላ መንገድ የደረሱበት መላ ነው።

ባሌ ላይ ደግሞ 4,000 ሜትር ገደማ የሚኖሩ ኦሮሞዎች ሄሞግሎቢናቸው ቆላ ካሉት ወገኖቻቸው ከፍ ብሎ ተገኝቷል። ተመራማሪዎቹ ነገሩን ከጊዜ ጋር ያያይዙታል። በሰሜን ያለው አሰፋፈር ቢያንስ የ5,000 ዓመት ዕድሜ ሲሰጠው፣ ወደ ባሌ ከፍታ የተወጣው ግን ከ500 ዓመት ገደማ ወዲህ ነው። አምስት መቶ ዓመት ለታሪክ ረጅም ነው፤ ለዘረመል ግን ጥቂት ትውልድ ነው። ከዚያ በፊትም ቢሆን ባሌ ባዶ አልነበረም። ፊንጫ ሃበራ በሚባለው፣ 3,469 ሜትር ላይ ባለ የዋሻ መጠለያ ሰዎች ከ47,000 እስከ 31,000 ዓመት በፊት እየተመላለሱ ይኖሩ ነበር። በበረዶ ዘመን፣ ከበረዶ ግግር ብዙም ሳይርቁ ማለት ነው። የሚበሉት ደግሞ የአካባቢውን ትልቁን ፍልፈል ነበር።

ስለ እንስሳቱ ጠይቀዋል። እዚህ ላይ ላምንና ያክ የሚባለውን የቲቤት ጸጉራም ከብት ጎን ለጎን ማየት በቂ ትምህርት ነው። ሳንባ ውስጥ ያሉ ደም ስሮች አንድ ባሕርይ አላቸው፤ ኦክስጅን ያነሰበትን ቦታ ሲያዩ ይጠባሉ። ዝቅ ያለ ቦታ ላይ ይህ ብልህነት ነው። የሳንባው አንድ ጥግ ቢታመም ደሙ ወደ ጤነኛው ክፍል ይዞራል። ከፍታ ላይ ግን ኦክስጅን ያነሰው መላው ሳንባ ላይ ነው፤ ስለዚህ ደም ስሮቹ በሙሉ ይጠባሉ። የልብ ቀኝ ክፍል በጠበበው መንገድ ደም ለመግፋት ይታገላል። ከጊዜ በኋላ ይዝላል። ወደ ኋላ የተመለሰው ግፊት ፈሳሽን ከደም ስር ያስወጣዋል፤ ላሟ ላይ የሚጠራቀመው ደግሞ ፍርምባዋ ውስጥ ነው። ያብጣል፣ ይንዘለዘላል፤ አንገቷ ላይ ያለው ደም ስር ይወጠራል፤ መራመድ ትጠላለች። ኮሎራዶ ያሉ ከብት አርቢዎች ይህን በሽታ ከመቶ ዓመት በላይ ያውቁታል።

ያክ ከላም ጋር የቅርብ ዘመድ ነው፤ ይህ ግን አይደርስበትም። የሳንባው ደም ስሮች ግድግዳቸው ስስ ነው፤ ኦክስጅን ቢያንስም እምብዛም አይጠቡም። ያክና ላም ተዳቅለው የሚወለደው ድዞ የሚባለው ከብት ተለክቶ የሳንባ ደም ግፊቱ እንደ ያኩ ዝቅተኛ ሆኖ ተገኝቷል። ይሄ በዘር የሚተላለፍ እውነተኛ መላመድ ምን እንደሚመስል ያሳያል። ቲቤቶች ላይም ተመሳሳይ ነገር ታይቷል። እንደገና ያው ነጥብ ነው፤ ያክም ያተረፈው አንድን የሰውነት ምላሽ በመተው ነው።

ሌሎች እንስሳት ደግሞ ሄሞግሎቢኑን ራሱ ቀይረውታል። ከሕንድ ወደ መካከለኛው እስያ ሂማላያን አቋርጦ የሚበር ዝይ አለ፤ ራሱ ላይ ሁለት ጥቁር መስመር አለው። 7,290 ሜትር ላይ ሲበር በመሣሪያ ተመዝግቧል። ሄሞግሎቢኑ ኦክስጅንን ከዘመዶቹ አጥብቆ ይይዛል፤ ለዚህ ትልቅ ድርሻ ያላት በፕሮቲኑ ውስጥ የተለወጠች አንዲት አሚኖ አሲድ ናት። ይህም ሆኖ ዝይው ከፍታን አይወደውም። በ2015 የወጣ ጥናት እንዳሳየው፣ ከፍ ብሎ ቀጥ ብሎ ከመብረር ይልቅ የተራራውን ቅርጽ ተከትሎ ይወርዳል፣ ይወጣል። ወፍራም አየር ውስጥ መብረር ይቀለዋል። ላማ የሚባለው የአንዲስ የጭነት እንስሳም ሄሞግሎቢኑ ኦክስጅን አጥብቆ የሚይዝ ነው፤ ባሕር ጠለል ላይ ቢያድግም አይለወጥም። ሰሜን ተራሮች ላይ ያለው ጭላዳ ግን እንዲህ ያለ የተለየ ሄሞግሎቢን አልተገኘበትም፤ የተገኘበት ሰፋ ያለ ደረት ነው። በ2020 ደግሞ በቺሊና በአርጀንቲና ድንበር ባለው ዩያይያኮ እሳተ ገሞራ ጫፍ፣ 6,739 ሜትር ላይ፣ አይጥ ተይዟል። ከዚያ በላይ የሚኖር አጥቢ እንስሳ እስካሁን አልተመዘገበም።

አሁን ወደ እርስዎ። ብዙ ቢቆዩም ከፍተኛው የሥራ አቅምዎ ቆላ የነበረውን ያህል አይሆንም። ከ1,500 ሜትር በላይ በየ1,000 ሜትሩ በግምት 10 በመቶ ይቀንሳል፤ መልመድ ከዚህ የተወሰነውን ብቻ ይመልሳል። ስለዚህ ዳገት ላይ ቢያለከልኩ ሰነፍ አይደሉም። ፍጥነትዎን ይቀንሱና ሳይቆሙ ይውጡ፤ እየሮጡ እያረፉ ከመውጣት ይሻላል። ቆላ ሲመለሱ ትርፉ ደም በሳምንታት ውስጥ ይቀንሳል። ያ ማለት የለመዱት ነገር ይጠፋል ማለት ነው። ዘመድ ጠይቀው፣ ሁለት ሦስት ሳምንት ቆይተው ሲመለሱ እንደ አዲስ ገቢ ይጠንቀቁ። እዚያው ያደጉ ሰዎች ሳይቀሩ፣ በተለይ ልጆች፣ ከቆላ በተመለሱ በጥቂት ቀናት ውስጥ ሳንባቸው ውሃ የቋጠረበት ጊዜ አለ።

ከዚያም ከፍ ወዳለ ቦታ የሚወጡ ከሆነ፣ ከ3,000 ሜትር በላይ የሚተኙበትን ቦታ በቀን ከ500 ሜትር በላይ አይጨምሩ፤ በየሦስት አራት ቀኑም አንድ ቀን ያርፉ። ራስ ምታትና ማቅለሽለሽ ካለ ወደ ላይ መቀጠል የለም። ተቀምጠው ትንፋሽ ካጠረዎት፣ ሳል ከበረታ፣ ቀጥ ብሎ መራመድ ካቃተዎት ወይም ነገር ከተምታታብዎት ግን ጠዋት እስኪሆን አይጠብቁ። ሌሊትም ቢሆን ይውረዱ፤ ሰው አብሮዎት ይውረድ። እነዚህ የሳንባና የአንጎል እብጠት ምልክቶች ናቸው፤ ይገድላሉ። ኦክስጅንና መድኃኒት ይረዳሉ፤ መውረድን ግን አይተኩም።

የልጅዎ ነገር። የእርስዎ ኩላሊትና መቅኔ የሠሩት ሥራ ጂንዎን አልነካም፤ ስለዚህ አያልፍለትም። ነገር ግን ሰውነት በእድገት ዘመኑ የሚኖርበትን አየር ይሰማል። ወላጆቹ የቆላ ሰዎች የሆኑ፣ ከፍታ ላይ ግን ያደገ ልጅ፣ ሳንባው ቆላ ቢያድግ ከሚኖረው ይሰፋል። ጎልማሳ ሆኖ ለመጣ ሰው ይህ በር ተዘግቷል። በዚህ በኩል ልጅዎ ይበልጥዎታል።

ከመወለዱ በፊት ያለው ጊዜ ግን ጥንቃቄ ይፈልጋል። ከፍታ በጨመረ ቁጥር የሚወለዱ ሕፃናት ክብደት ይቀንሳል፤ በየ1,000 ሜትሩ 100 ግራም ያህል። ለብዙ ትውልድ እዚያ በኖሩት በቲቤቶችና በአንዲሶች ላይ ቅነሳው ከመጤዎች ያነሰ ነው። በእርግዝና ጊዜ የሚመጣ የደም ግፊትም ከፍታ ላይ ይበዛል። ስለዚህ እርግዝና ሲታሰብ ለሐኪም ከቆላ መምጣታችሁን አስቀድማችሁ ንገሩ። ክትትሉ ከመጀመሪያዎቹ ወራት ይጀመር፤ የደም ግፊት፣ የብረት መጠንና የፅንሱ እድገት በየጊዜው ይታይ። ፅንሱ እድገቱ ወደ ኋላ ካለ ወይም ግፊቱ ከጨመረ፣ ቀሪዎቹን ወራት ዝቅ ያለ ቦታ ማሳለፍ ይሻል እንደሆነ ከሐኪሙ ጋር ተማከሩ።